መሣሪያ መቀየር ዋጋ ይኑረው፦ “ቀስትም ሰይፍም በነፃ” ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ ወዳጆች እየተቀባበሉ ያነበቡት አንድ ጽሑፍ አለ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስም ሆነ በመሰሎቹ ጨዋታዎች፣ ቀስት አስቀምጦ ሰይፍ መምዘዝ ወይም ሰይፍ ከትቶ ቀስት ማንሳት ምንም ማስከፈል የለበትም። ጸሐፊው ለዚህ አምስት ምክንያት ያቀርባሉ። ሕጉ ተጫዋቹን ተራውን ያስበላዋል፤ በእውኑ ዓለም ሰይፍ መምዘዝ የቅጽበት ሥራ ነው፤ ቀስትን መሬት መጣል ነፃ ስለሆነ ሕጉ ለይስሙላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የጨዋታው የሕግ መጽሐፍ ራሱ ይህንን አምኖ መቀየርን ነፃ አድርጓል፤ በዚያ ላይ ጀማሪን ያሰለቻል።

ጽሑፉ በቅንነት የተጻፈ ነው። ጨዋታውን የሚወድ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል። እኔም ዲኤም ሆኜ ጨዋታ የምመራ ሰው ነኝ። ይህ ሕግ ቢነሳ ግን ከውጊያው የሚጠፋው ነገር ብዙ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

መጀመሪያ ሕጉን እናስቀምጠው። በ2014ቱ 5ኛ እትም አንድ ተጫዋች በተራው አንድ ዕቃ በነፃ መንካት ይችላል። ሰይፍ ከአፎቱ መምዘዝ አንድ ነው። መልሶ መክተትም አንድ ነው። ሁለተኛ ዕቃ ልንካ ካለ አክሽኑን፣ ማለትም በተራው ያለውን አንድ ዋና እርምጃ፣ ይከፍላል፤ ስለዚህ በዚያ ተራ አይመታም። ጋሻ ደግሞ ለብቻው ነው። ማንገቡም ማውለቁም አንድ ሙሉ አክሽን ይፈጃል። በዚህ ላይ ጠላት 5 ጫማ ውስጥ ቆሞ እያያችሁ ብትተኩሱ ዲስአድቫንቴጅ አለባችሁ። ሃያ ጎን ያለውን ዳይስ ሁለቴ ጥላችሁ ዝቅተኛውን ትወስዳላችሁ ማለት ነው።

“ሕጉ ተራ ያስበላል”

የጸሐፊው ምሳሌ እንዲህ ይላል። ቀስተኛው ሲተኩስ ቆየ። ጠላት አጠገቡ ደረሰ። ቀስቱን ለማስቀመጥ አንድ ንክኪ፣ ሰይፉን ለመምዘዝ ሌላ ንክኪ። ሁለተኛው አክሽን ስለሚበላ ተጫዋቹ ሳይመታ ተራው ያልፋል።

ምሳሌው እጅን ረስቷል። ቀስት ሁለት እጅ የሚፈልገው በሚተኮስበት ሰዓት ብቻ ነው። ለመያዝ አንድ እጅ ይበቃዋል። ይህን ይዘን ውጊያውን እንደገና እንየው።

የ1ኛ ደረጃ ተዋጊ እንውሰድ። ዴክስተሪቲው (ቅልጥፍናው) +3 ነው፤ በሩቅ መሣሪያ ሲመታ ጭማሪ የሚሰጠው የአርቸሪ ስልት አለው። በእጁ ረጅም ቀስት፣ በወገቡ ሬፒየር የሚባል ቀጭን ሰይፍ። በ60 ጫማ ርቀት ኦርክ የሚባል አንድ ጭራቅ አለ፤ በ2014ቱ መጽሐፍ አርመር ክላሱ፣ ማለትም እሱን ለመምታት ዳይሱና ጭማሪው ተደምረው ሊደርሱበት የሚገባው ቁጥር፣ 13 ነው። ተዋጊው በ+7 ይተኩሳል፤ የመምታት ዕድሉ 75 በመቶ ነው። እንበል ሳተው። ኦርኩ 30 ጫማ ይራመዳል፤ ከዚያ ወደ ጠላት የመንደርደር ልዩ ችሎታውን ተጠቅሞ ሌላ 30 ጫማ ይሮጣል። በአንድ ተራ ደርሶ መጥረቢያውን ያሳርፋል።

አሁን ተራው የተዋጊው ነው። እዚያው ቆሞ ልተኩስ ቢል በዲስአድቫንቴጅ ዕድሉ ወደ 56 በመቶ ይወርዳል። ቀስቱን ግን በግራ እጁ እንደያዘ በቀኙ ሬፒየሩን ቢመዝ የነካው አንድ ዕቃ ብቻ ነው። አክሽኑ አልተነካም። በ+5 ይመታል፤ ዕድሉ 65 በመቶ። ሁለቱም መሣሪያ የሚጥለው ዳይስ ስምንት ጎን ያለው ነው፤ ስለዚህ በጉዳት አይበላለጡም። በሚቀጥለው ተራ ኦርኩ ከወደቀ ሬፒየሩን በነፃ ከትቶ ወደ ቀስቱ ይመለሳል።

ሌላም ጥቅም አለው። ኦርኩ ጥሎት ከኋላ ወዳለው አስማተኛ ልሂድ ቢል፣ ሰይፍ የያዘ ሰው ሲያልፍ ይመታዋል። ቀስት ብቻ የያዘ ሰው በቀስቱ ይህን ማድረግ አይችልም። ይህች ነጥብ ብቻዋን ስንት አስማተኛ አትርፋለች።

ታዲያ የተበላው ተራ የቱ ነው? የለም። ዋጋው የተከፈለው ሌላ ቦታ፣ ገና ገጸ ባሕሪው ሲሠራ ነው። ሁለት እጁን ለቀስት የሰጠ ሰው ጋሻ የለውም። ጋሻ 2 የአርመር ክላስ ነጥብ ነው። እሱ ያንን ትቶ በሩቅና በቅርብ መካከል እንደልብ መመላለስን መርጧል። ምርጫው ትርጉም ያለው ግን ጋሻ ያነገበው ጓደኛው እንደሱ መመላለስ ስለማይችል ነው።

ስለ ጋሻ ያነገበው ሰው ጽሑፉ አንድ ቃል አላለም። እኔ ግን የነገሩ እምብርት እዚያ ነው እላለሁ።

ጋሻ በግራ፣ ሰይፍ በቀኝ የያዘ ተዋጊ ረጅም ቀስት ልጠቀም ቢል ጋሻውን ለማውለቅ አንድ ሙሉ ተራ ያጠፋል። መልሶ ለማንገብ ሌላ ተራ። ስለዚህ እውነተኛው የሩቅ መሣሪያው ቀስት ሳይሆን ተወርዋሪ ጦር ነው። ጦሩ አንድ እጅ ይበቃዋል፤ በስትሬንግዝ (በጉልበት) ይወረወራል፤ እስከ 30 ጫማ ያለ ችግር፣ እስከ 120 ጫማ ደግሞ በዲስአድቫንቴጅ ይሄዳል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ከተወረወረ በኋላ እጁ ባዶ ነው። የሚከተት ነገር የለም። በዚያው ተራ ሰይፉን በነፃ መምዘዝ ይቻላል።

ተዋጊው 5ኛ ደረጃ ሲደርስና በአንድ አክሽን ሁለቴ መምታት ሲችል ይህ ነገር ያምራል። ጦሩን በእጁ ይዞ ይጀምራል። በ30 ጫማ ያለውን ጠላት ይወጋል። ሰይፉን እየመዘዘ 30 ጫማውን ይሮጣል። በሁለተኛው ምቱ ያንኑ ጠላት በሰይፍ ያገኘዋል። ይህ ሁሉ በአንድ ተራ ነው፤ አንድም ሕግ አልተጣሰም።

መመለሱ ግን እንደዚህ አይቀልም። ሰይፍ በእጁ እያለ ጦር ልወርውር ቢል ሰይፉን መክተት አንድ፣ ጦሩን ማውጣት ሁለት። ወይ ሰይፉን ይጥላል፣ ወይ አክሽኑን ይከፍላል። ከሩቅ ወደ ቅርብ መግባት ቀላል ነው፤ ከቅርብ ወደ ሩቅ መመለስ ከባድ ነው። ጸሐፊው ይህን መዛነፍ የሕጉ ጉድለት ይሉት ይሆናል። ለእኔ ግን የሕጉ ትልቁ ፍሬ ነው፤ ተጫዋቹ አስቀድሞ እንዲያስብ የሚያደርገው እሱ ነውና።

በምመራው ጨዋታ ጋሻ ያነገበች ፓላዲን (ለእምነት የማለች ተዋጊ) ሆና የምትጫወት ልጅ አለች። አንድ ቀን ቡድኑ የተዘጋ በር ፊት ቆሟል፤ ከውስጥ ድምፅ ይሰማል። በሩ ሳይከፈት እጇን አነሳችና “ሰይፌ አፎቱ ውስጥ ነው። በእጄ ያለው ጦር ነው” አለች። ሌሎቹ ዞር ብለው አዩዋት። ከዚያ አንድ በአንድ በእጃቸው ያለውን መናገር ጀመሩ። ሌባው ጩቤዎቹን መርጦ ያዘ። አስማተኛዋ በትሯን ግድግዳ ላይ አስደግፋ እጇን ባዶ አደረገች። እኔ ገና አንድ ዳይስ እንዲጣል አልጠየቅሁም። ውጊያው ግን ተጀምሯል። መቀየር ነፃ ቢሆን ያ ንግግር ከየት ይመጣ ነበር? በእጅ ያለው ምንም ይሁን ምን ለውጥ የለውማ።

“በእውኑ ዓለም የቅጽበት ሥራ ነው”

ጸሐፊው አንድ ዙር 6 ሰከንድ መሆኑን ያስታውሱና፣ ሰይፍ ለመምዘዝ 1 ሰከንድ ይበቃል ይላሉ። መምዘዙ ብቻውን ከሆነ እስማማለሁ። ሕጉም ይስማማል፤ ለዚህ ነው መምዘዝን በነፃ የሰጠው። ጥያቄው በእጅ የነበረው ነገር የት ይሂድ ነው።

ታሪክ እዚህ ላይ ጥሩ ምስክር አለው። በ1689 በስኮትላንድ ኪሊክራንኪ በተባለ ስፍራ የሃይላንድ፣ ማለትም የአገሩ ደጋማ ክፍል፣ ተዋጊዎችና የመንግሥት ጦር ገጠሙ። ሃይላንደሮቹ ቁልቁል እየሮጡ መጡ። ጠመንጃቸውን አንድ ጊዜ ተኮሱ፣ እዚያው ጣሉት፣ ሰይፋቸውን መዘው ገቡ። የመንግሥቱ ወታደሮችም ጠመንጃና ሳንጃ ነበራቸው። ሳንጃው ግን በጠመንጃው አፈሙዝ ውስጥ እንደ ውታፍ የሚሰካ ነበር። ሲተኩሱ ሳንጃ የለም፤ ሳንጃ ሲሰኩ መተኮስ የለም። ተኩሰው ሳንጃውን ሳይሰኩ ሰይፉ ደረሰባቸው። መስመሩ በደቂቃዎች ውስጥ ፈረሰ። አዛዣቸው ሂው ማካይ ለሽንፈቱ አንዱ ምክንያት ይኸው ሳንጃ መሆኑን ጽፏል። ከዚያ በኋላ አፈሙዙን ሳይደፍን በጎን የሚታሰር ሳንጃ ተስፋፋ፤ ሰው እየተኮሰም መውጋት ቻለ።

በአንድ ሜዳ ላይ ሁለቱንም አየን። ዕቃውን የጣለው ወገን በፍጥነት ቀየረ። ዕቃውን ለማስተካከል የሞከረው ወገን ጊዜ አጣ። 5ኛው እትም በአንድ ነፃ ንክኪ ሊያሳየን የሚሞክረው ይህንኑ ነው።

የሮማ ወታደርም ፒለም የተባለውን ጦሩን ወርውሮ ነበር ሰይፉን የሚመዘው። ሰይፉን ይዞ ቆይቶ መሃል ላይ ጦር አልፈለገም። በ1415 በአዠንኩር የእንግሊዝ ቀስተኞች ፍላጻቸውን ሲጨርሱ ቀስታቸውን ትተው በሰይፍ፣ በመጥረቢያና በመዶሻ ጭቃ የያዘውን ጠላት ገጠሙ። ጋሻና ጦር ለለመደ የእኛ አንባቢም ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ጦር ሲያሻው ይወረወራል፣ ሲያሻው በእጅ ሆኖ ይወጋል። በጨዋታውም እንደዚሁ ነው። ተራው ጦር 20 ጫማ በደንብ ይወረወራል፣ በቅርብም ይወጋል፣ ጋሻም አያስጥልም። መቀየር ነፃ ከሆነ ይህን ትሑት መሣሪያ ማን ይይዘዋል? ሁሉም ሰው ትልቁን ሰይፍና ረጅሙን ቀስት ነው የሚሸከመው።

“ቀስቱን መጣል ነፃ ነው፤ ስለዚህ ሕጉ ለይስሙላ ነው”

በ2014ቱ ሕግ ዕቃ መልቀቅን አብዛኛው ጠረጴዛ በነፃ ያየዋል። እውነት ነው። ግን የተጣለው ነገር አልጠፋም፤ መሬት ላይ ነው። ተዋጊው ቢገፋ፣ ቢሸሽ፣ ድልድዩ ቢሰበር ቀስቱ እዚያው ይቀራል። ጠላትም በነፃ ንክኪው ሊያነሳው ይችላል። መልሶ ለማንሳትም እዚያው ቦታ ድረስ መሄድና ንክኪውን ማውጣት ያስፈልጋል። አስማት ያለበት ቀስት የያዘ ተጫዋች በደረጃ መወጣጫ ላይ ሲዋጋ “ልጣል ወይስ ልያዝ” ብሎ ሲያመነታ ያየ ዲኤም ይህ ለይስሙላ ነው አይልም።

ይህ ነጥብ ከዚህ በላይ ብዙ አያናግርም። ጥሎ መምዘዝ መውጫ ነው፤ መውጫው አደጋ አለው።

“የ2024ቱ መጽሐፍ ነፃ አድርጎታል”

ይህ ከአምስቱ ሁሉ ይበልጥ ከእውነት የራቀው ነው፤ ስለዚህ በደንብ እናንብበው።

የ2024ቱ ሕግ የሚለው የአታክ (የመምታት) አክሽን ስትወስዱ በእያንዳንዱ ምት አንድ መሣሪያ መያዝ ወይም ማስቀመጥ ትችላላችሁ ነው፤ ከምቱ በፊትም ይሁን በኋላ። ድሮ በተራው የነበረው ነፃ ንክኪም አለ። ሕጉ ሰፍቷል፤ በዚህ እስማማለሁ። ግን ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ዕድሉ ከምት ጋር የታሰረ ነው። አስማት የጠራ ወይም የሮጠ ሰው በዚያ ተራ አያገኘውም። ሁለተኛ፣ መሣሪያ መጣልም አሁን እንደ ማስቀመጥ ይቆጠራል። ጸሐፊው “ነፃ ነው” ያሉት መጣል በአዲሱ መጽሐፍ ዋጋ ወጣለት ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ጋሻ አሁንም አክሽን ይበላል። አዘጋጆቹ መቀየርን ነፃ ማድረግ ቢፈልጉ ኖሮ በአንድ መስመር ይጽፉት ነበር። እነሱ ግን ቆጥረው ነው የሰጡት።

ሌሎች ጨዋታዎችም ቆጥረው ነው የሚሰጡት። በ2019 በወጣው የፓዝፋይንደር 2ኛ እትም አንድ ተጫዋች በተራው ሦስት አክሽን አለው፤ መሣሪያ ማውጣት አንዱን ይወስዳል። አንድ እጅ መልቀቅ ነፃ ነው። ሁለተኛ እጅ መጨመር ግን ሌላ አክሽን ነው። በዚህ ላይ ጎበዝ ተዋጊ አጠገብ ቆሞ መሣሪያ መጎርጎር ራሱ ምት ሊጋብዝ ይችላል። በ2003ቱ የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ 3.5 እትምም ቀስተኛ ጠላት አጠገቡ እያለ ሲተኩስ ጠላቱ የመምታት ዕድል ያገኝ ነበር።

በሁሉም ውስጥ አንድ የጋራ ነገር አለ። ፍጥነት የሚገዛ ችሎታ ነው። 3.5 ላይ መሣሪያን በነፃ የሚያስመዝዝ ልዩ ችሎታ አለ፤ ፓዝፋይንደር ላይ በአንድ አክሽን መዞ መምታት የሚያስችል አለ። 2014 ላይ ሁለት የአንድ እጅ መሣሪያ ባንዴ የሚያስመዝዝ አለ፤ ክሮስቦውን (በምላጭ የሚተኮሰውን ቀስት) በቅርብ ያለ ዲስአድቫንቴጅ የሚያስተኩስም አለ። አንድ ተጫዋች ከስንት አማራጭ ውስጥ ይህንን መርጦ ወስዷል። “እጄ ፈጣን ነው” ብሎ የሚኮራበት ገጸ ባሕሪ ሠርቷል። ነገ ዲኤሙ ለሁሉም በነፃ ቢያድለው ያ ተጫዋች የከፈለው ምን ሆነ? ጸሐፊው ለተጫዋቾች ተቆርቋሪ ናቸው፤ ይህኛው ተጫዋችም እንዲታያቸው እወዳለሁ።

አዲሱ ሕግ ያመጣው ሌላም ነገር አለ። መሣሪያዎች አሁን ማስተሪ የሚባል የየራሳቸው ልዩ ውጤት አላቸው፤ አንዱ ጠላትን ይጥላል፣ ሌላው ይገፋል፣ ሌላው ቀጣዩን ምት ያቀላል። መቀየር ስለሰፋ አንዳንድ ተዋጊ በየምቱ መሣሪያ መለዋወጥ ጀመረ። በአንዱ ይገፋል፣ እሱን ከትቶ በሌላው ይጥላል፣ በሚቀጥለው ተራ ሦስተኛ ያወጣል። በሕጉ መጽሐፍ ይፈቀዳል። ለእኔ ግን ገጸ ባሕሪው ደብዝዞብኛል። “የአባቱን ሰይፍ የያዘው” የነበረ ሰው አሁን የመሣሪያ ከረጢት ተሸካሚ ነው። ገደቡ ሙሉ በሙሉ ቢነሳ ይህ ነው የሚበዛው።

ሕጉ ተጫዋችን ይጎዳል ማለታቸው በአንድ ነገር ልክ ነው፤ ይህን ሳልል ማለፍ አልፈልግም። የ2014ቱ ሕግ ወርዋሪዎችን በድሏል። ሁለቴ መምታት የሚችል ተዋጊ በተራው ከአንድ በላይ ጦር ማውጣት አይችልም ነበር፤ ቀስተኛው ግን ፍላጻ ማውጣት የምቱ አካል ስለሆነ እንደልቡ ይተኩሳል። ይህ ፍትሐዊ አልነበረም። በ2020 የወጣ ተጨማሪ መጽሐፍ ለወርዋሪዎች የተለየ የውጊያ ስልት ጨመረ። የ2024ቱ ደግሞ ችግሩን ከሥሩ ፈታው፤ የሚወረወር መሣሪያን ማውጣት የምቱ አካል ሆነ። በ2014ቱ የምትጫወቱ ይህችን አንዲት ነገር ከአዲሱ ብትዋሱ ምንም አይጎዳችሁም። እኔም እንደዚያ ነው የማጫውተው።

“ጀማሪን ያሰለቻል”

የመጨረሻው ነጥብ በቅርብ ያለ ችግር ስለሆነ አላቃልለውም። ገና ዳይስ መለየት የጀመረ ሰው ፊት “ንክኪህን ጨርሰሃል” ማለት ያስደነግጣል። ግን ያስደነገጠው ሕጉ አይደለም፤ የሕጉ ቋንቋ ነው። ለጀማሪ “ነፃ የዕቃ ንክኪ” አትበሉት። “በግራ እጅህ ምን አለ? በቀኝህስ?” በሉት። ይህን የማይረዳ ሰው የለም። ልጅም ይረዳዋል።

እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ፊት ሁለት ቁራጭ ወረቀት አስቀምጣለሁ፤ አንዱ ግራ፣ አንዱ ቀኝ። የያዘው መሣሪያ ስም በእርሳስ ይጻፋል። ለቀስትና ለትልቅ ሰይፍ “ለመምታት ሁለቱም እጅ” ብዬ ምልክት አደርጋለሁ። በተራው አንድ ጊዜ በነፃ ስም መጻፍ ወይም ማጥፋት ይችላል። ሁለተኛ ጊዜ ሲነካ “ይሄ አክሽንህ ነው፣ እርግጠኛ ነህ?” እለዋለሁ። ያን ጊዜ ተጫዋቹ ወረቀቶቹን አይቶ ያስባል፤ አንዳንዴ ሐሳቡን ይቀይራል፣ አንዳንዴ “አዎ፣ ጋሻዬን አነግባለሁ፤ እናንተ ሽሹ” ይላል።

ጸሐፊው እነዚህን ወረቀቶች ይዘው የኦርኩን ውጊያ በሁለቱም መንገድ ቢያጫውቱት ደስ ይለኛል፤ አንዴ መቀየሩ በነፃ፣ አንዴ በዋጋ። አስማተኛዋን ከኋላ ያቁሟት፤ ጋሻ ያነገበውንም ከፊት ያድርጉት። ከዚያ ተጫዋቾቹ የትኛውን ውጊያ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚያወሩት ይጠይቋቸው።